ሐረጎ ላይ የደከመው ሰው የለም

ኮምቦልቻ ላይ ሳይክለኛ መሆን ቀላል ነው። ከተማዋ ሜዳ ላይ ነው የተዘረጋችው። ፔዳሉን ሁለቴ ረገጥ ካደረግክ ቀሪውን ሳይክሉ ራሱ ይጨርስልሃል። እኛም በዚህ ሜዳ ላይ ስንት እሁድ ተሽከርክረን፣ ማኪያቶ ጠጥተን፣ ፎቶ ተነስተን ስናበቃ ስፖርተኛ የሆንን መሰለን። ዘጠኝ ነን። አንዱ ስኳር አለበት፣ ሁለቱ ግፊት፣ የቀረነው ቦርጭ። የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ሊቀመንበርም አለን። አበሻ ሦስት ሆኖ ከተሰበሰበ ሊቀመንበር ሳይመርጥ አይበተንም።

እኚህ ሊቀመንበር ናቸው አንድ ረቡዕ ማታ «የፊታችን እሁድ ደሴ!» ብለው የለጠፉት። ሁላችንም አውራ ጣት ላክን። አውራ ጣት መላክ ዳገት የለውም።

መንገዱን ለማያውቅ ላስረዳ። ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በመኪና ብትሄድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዘፈን ሁለት ሦስቴ ተቀይሮ ሳያልቅ ትደርሳለህ። መሃል ላይ ግን ሐረጎ የሚባል ዳገት አለ። ከመካከላችን ባንክ የሚሠራው ልጅ ሐሙስ ዕለት ቁጭ ብሎ አሰላው። ከ600 ሜትር በላይ ነው የምንወጣው፤ አንዱን ፎቅ ሦስት ሜትር ብትለው፣ ሊፍቱ የተበላሸ ባለ 200 ፎቅ ሕንጻ ማለት ነው። ግሩፑ ላይ ጻፈው። ማንም መልስ አልሰጠውም። አንድ ሰው ብቻ «መልካም ምሽት» አለ።

እሁድ 12 ሰዓት ተባለ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ከመነሳታችን በፊት ንግግር ነበረ። ሊቀመንበሩ የራስ ቁራቸውን እንዳጠለቁ፣ ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተሳተፈችበት ኦሊምፒክ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ፣ ሳይክል ነጂ አሰልፋ እንደነበር አስታወሱን። «ስለዚህ ሳይክል በደማችን አለ» አሉ። አጨበጨብን። እውነትም ደማችን ውስጥ ነበር፤ የቀረው እግር መውረድ ነው።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቀልድ ነበረ። ሁለተኛው ላይ ወሬ ነበረ። ሦስተኛው ላይ የሚሰማው የሳይክሎቹ ካቴና ብቻ ነው።

ይህን መንገድ ተራራው ላይ የጠመጠመው ጣሊያን ነው፣ በአምስቱ የወረራ ዓመታት። ጥሎልን የሄደው ብዙ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካቴና፤ ስማቸውም ከእሱ ነው የመጣው። ሳንባ ብቻ ነው ያልተወልን።

የእኔ ሳይክል 21 ማርሽ አላት። ከፊት ሦስት ጥርስ፣ ከኋላ ሰባት፣ ሲባዛ 21። ሻጩ ይህን ቁጥር ሲነግረኝ 21 ፈረስ የሸጠልኝ ነው የመሰለኝ። ማርሽ የሚቀየረው ግን ዳገቱ ሳይጀምር ነው፣ ፔዳሉ ገና ቀለል እንዳለ። ይህን ሻጩ አልነገረኝም። እኔ ዳገቱ መሃል፣ ሙሉ ክብደቴን ፔዳሉ ላይ ጭኜ ቀየርኩት። ካቴናው ከትንሿ ጥርስ አልፎ ወደ ውስጥ ወደቀ። እግሬ ባዶውን ዞረ፣ ጉልበቴ ከማኑብሪዮው ጋር ተሳሳመ። ወረድኩ። ካቴናውን በሁለት ጣት ሳብ አድርጌ፣ ጥርሱ ላይ አስቀምጬ፣ ፔዳሉን በእጄ ወደፊት አዞርኩት። ቀጭ ቀጭ ብሎ ገባ። እጄ ክርኔ ድረስ ግሪስ ሆነ። ያቺ አንድ ደቂቃ ግን እንዴት ጣፋጭ ነበረች! ማንም ደከመህ ሳይለኝ ቆሜያለሁ፣ ተንፍሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ካቴናዬ ሦስት ጊዜ ወለቀ። ከሦስቱ አንዱ እውነት ነው።

ሐረጎ ላይ እኮ ማንም አይደክመውም። ስልክ ይጠራበታል እንጂ። የባንኩ ልጅ እሁድ ጠዋት አምስት ጊዜ ተደወለለት፤ ከአምስቱ በአንዱም «ሃሎ» ሲል አልሰማሁትም። ሒሳብ ሹማችን የጫማው ክር እየተፈታ አስቸገረው፤ ጫማው ክር ያለው አልነበረም። ሊቀመንበሩ ደግሞ ድንገት ተፈጥሮ ወዳድ ሆኑ። በየኩርባው ቆመው ሸለቆውን ወደ ታች ያያሉ። «እዩት እስኪ ይህን ውበት!» ይላሉ። ወሎ ተወልደው 58 ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ሸለቆውን ዛሬ ገና አዩት።

ከመካከላችን እውነት የተናገረች አንድ ሰው ብቻ ናት። ነርስ ናት፣ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት፣ ግፊታችንን የምትለካልን እሷው ናት። አራተኛው ኩርባ ላይ ወርዳ «ደከመኝ» አለች። እንዲሁ፣ ያለ ምንም ማሳበቢያ። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አስቆመች። ሳይክሏን ከሽንኩርቱ ላይ አስጋደመች፣ ራሷም ወጣችና «ደሴ እንገናኝ» ብላን ሄደች። እኛም አይሱዙው ከአይናችን እስኪሰወር ሳቅንባት። መሳቁም አንድ ዕረፍት ነው።

ስድስተኛው ኩርባ ላይ ይመስለኛል አንድ ሽማግሌ ያገኙኝ። ከዘራ ይዘው፣ ጋቢ ደርበው፣ ከጎኔ ይራመዳሉ። እሳቸው በእግር፣ እኔ በሳይክል፤ እኩል ነን።

«እንዴት አደርክ ልጄ?»

«ደ…»

«አልሐምዱሊላህ። ወዴት ነው?»

«ደ…»

«ደሴ? ይሁና። ልጆች አሉህ?»

«ሦ…»

«አላህ ያሳድግልህ። እናትህስ? ጎረቤቱስ? ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ከረመ?»

የወሎ ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም። ለእያንዳንዱ «ደኅና» አንድ ትንፋሽ ይጠይቃል። እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ተቀንሶ ነው የሚሰጥህ፤ 2,500 ሜትር ላይ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህሉ ጎድሏል። ሰላምታው ግን አልቀነሰም። ሰውየው ትንሽ ጠበቁኝና አዘኑልኝ። «በል ልጄ፣ እኔ ለቅሶ ልደርስ ስለሆነ ልፍጠን» አሉኝ። ፈጠኑ። ጋቢያቸው ኩርባው ላይ ሲታጠፍ ዘወር ብለው «አብሽር፣ ደርሰሃል!» አሉ።

አብሽር! ይህን ቃል ወሎ ያልኖረ ሰው አይዞህ ማለት ብቻ ይመስለዋል። ፈተና ለወደቀ አብሽር ነው፣ ለከሰረ ነጋዴ አብሽር ነው፣ ሚስቱ ለኮበለለችበትም አብሽር ነው። ደግ ቃል ነው፣ አልክድም። ችግሩ ርቀት ሲለካበት ነው። መጀመሪያ እንጨት የተሸከመች ልጅ ስንት ይቀራል ብንላት «ደርሳችኋል» አለችን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቡና የምታፈላ ሴት አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋ «እዚች ጋ ናት» አለችን። ከዚያ ጎማ የሚቀይር ረዳት «አንድ ኩርባ ናት» አለ። አንዷ ኩርባ አምስት ወለደች። ግን እውነቱን ማን ይንገረን? ቡና የምታፈላዋ ሴት የላባችንን ብዛት አይታለች። «ገና ግማሹ ነው» ብትለን እዚያው እንደምንተኛባት ገብቷታል። ስኒም አልነበራትም ለዘጠኝ ሰው። ለስምንት ማለቴ ነው።

መግፋት የተጀመረው ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ታሪክ አይመዘግበውም። ብቻ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ሳይ ሁላችንም ከሳይክል ላይ ወርደን ማኑብሪዮውን ይዘን እየገፋን ነው። አንገታችንን ደፍተን፣ በአንድ መስመር፣ ዝም ብለን። መኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር እንወጣለን፤ መኪናው ሲያልፍ እንወርዳለን። መውጣትና መውረዱ ከመንዳቱ ይልቅ አደከመን። አንዲት ጌሾ የተጫነች አህያ አለፈችን። አህያዋ ዘወር ብላም አላየችን፤ እሱ ነው የከፋኝ።

ሒሳብ ሹሙ ያኔ ነው የተናገረው። «ሊቀመንበር፣ ሜልቦርን ላይ በሳይክል ሜዳልያ አገኘን እንዴ?»

«አላገኘንም።»

«ቀጥሎ ሮም ላይ ወርቁ የመጣው በምንድን ነው?»

«በእግር» አሉ ሊቀመንበሩ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፣ «ያውም በባዶ እግር።»

ከዚህ በኋላ መግፋቱ ቀለለን።

የደሴ ጉም የተቀበለን 6 ሰዓት አልፎ ነው። ላባችን ጀርባችን ላይ በረደ። የጦሳ ተራራ ከጉሙ በላይ አናቱን ብቅ አድርጎ ቁልቁል ያየናል። ደሴ ማለት ደስታዬ ማለት ነው ይባላል፣ ስሙን ያወጡላት አፄ ዮሐንስ ናቸው ይባላል። ንጉሡ በሳይክል እንዳልመጡ እርግጠኛ ነኝ። ቤቶቹ መታየት ሲጀምሩ ሊቀመንበሩ እጃቸውን አነሱና «ሁሉም ይውጣ!» አሉ። ወጣን። ደረታችንን ነፋን። መንገድ ዳር የቆመ ልጅ «ሲገፉ ነበር እኮ! እኔ አይቻቸዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። ልጅ ነው፣ ማን ያምነዋል።

ፒያሳ ስንደርስ ሲስተር ፍርፍሯን ጨርሳ ሦስተኛ ሻይዋን ትጠጣለች። ልብሷ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ፊቷ ግን የሰው ፊት ነው። የእኛ አልነበረም።

ማታ ግሩፑ በፎቶ ተጥለቀለቀ። ኮምቦልቻ ስንነሳ ሳቅ በሳቅ። ፒያሳ ስንደርስ ጣታችንን ለድል ቀስረን። ሐረጎ ላይ የተነሳ አንድም ፎቶ የለም። ሊቀመንበሩ «ሳንወርድ ደርሰናል! ክብር ለሁላችን!» ብለው ጻፉ። አውራ ጣት ዘነበ። እኔም ላክሁ።

3 ሰዓት ከሩብ ላይ ሲስተር አንድ ፎቶ ለቀቀች። ለካ አይሱዙው ኩርባው ላይ የጎማ ንፋስ ሊያይ ቆሞ ኖሯል። ከላይ፣ ከሽንኩርቱ ላይ ሆና ነው ያነሳችን። ስምንት ሰው በአንድ መስመር፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሳይክል ይገፋል። ለቀብር የምንሄድ ነው የምንመስለው። ሊቀመንበሩ ከፊት ናቸው፤ ሸለቆውን አያዩም። እኔ መጨረሻ ላይ ነኝ። በአንድ እጄ እገፋለሁ፣ በሌላው የወለቀ ነገር እንዳለ ሁሉ ካቴናውን ይዣለሁ።

ፎቶው ስር የጻፈችው አንድ ቃል ነበር፦ «አብሽሩ»።

ሁለት ደቂቃ አልቆየም፣ ጠፋ። አስተዳዳሪው ሊቀመንበሩ ናቸው። ቀጥለው «የፊታችን እሁድ የት እንሂድ?» ብለው ጻፉ። መልስ የሰጠ የለም። እኔ ግን ፎቶውን አውርጄ ጨርሻለሁ።