ደብዳቤው ነውር፣ ኒካው መፍትሔ?

ወሎዬ ስለ ፍቅር ሲነሳ ደረቱን ይነፋል። እኔም እነፋለሁ፣ አድጌበታለሁና ምን ይደረግ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የእኛን አገር ስም ይዘው ነው የሚጠሩት። እዚያው አንድ ቤት ውስጥ አክስት ትሰግዳለች፣ እናት ትጾማለች፣ አያት ደግሞ ለሁለቱም ዱዓ ያደርጋሉ። መዋደድን እኛን የሚያስተምረን የለም እያልን ለመጣው እንግዳ ሁሉ እናወራለን።

እሺ። እንግዲያውስ ማንም ማውራት ስለማይፈልገው መዋደድ እናውራ። 16 ዓመት ሆኗት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ስለደነገጠ፣ ልቧ የደነገጠላት ግን እንደሷው ሴት ስለሆነችባት ልጅ። እዚህ ላይ አንብቦ የሚያቆም ይኖራል፣ መብቱ ነው።

የምነግራችሁ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ የሆነውን ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። እንደዚያ ባለ ቦታ ከተማዋን መጥራት ልጅቷን መጥራት ነው። 10ኛ ክፍል ነበረች፣ ጎበዝ ተማሪ፣ ዝምተኛ። የሒሳብ ደብተሯን የተዋሰቻት ልጅ የመጨረሻው ገጽ ላይ የተጻፈ ነገር አየች። ደብዳቤ ለማለት እንኳ ይከብዳል፣ ግማሽ ገጽ አይሞላም። «የቅዳሜው ሹሩባሽ የሚፈታ ቀን ንገሪኝ፣ እኔ ነኝ የምፈታልሽ» ይላል። ሐይቅ ለሽርሽር የሄዱ ጊዜ ጓደኛዋ መኪና ውስጥ ከሌላ ልጅ ጋር ስለተቀመጠች እስከ ማታ ማኩረፏን፣ ዓሣው ተጠብሶ ሲመጣም አልበላም ማለቷን ይናገራል። ከታች በቀይ እስክሪብቶ የተሣለ ልብ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ፊደል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ደብተሩን የተዋሰችው ልጅ ገጹን በስልኳ አነሳችው። ማታ የክፍሉ ልጆች ቴሌግራም ላይ ነበር። በማግስቱ አንድ መምህር ልጅቷን ተማሪው ሁሉ ፊት አስነስቶ «እስቲ አንቺው አንብቢልን» አላት። አላነበበችም። እሱ አነበበው። ረፋድ ላይ ወሬው ወፍጮ ቤት ደርሷል። አስር ሰዓት ሲሆን ቡና የተፈላበት ቤት ሁሉ ያውቃል፣ የማያውቁት እናቷ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም የሰሙት ከጎረቤት ነው፣ «እታለም፣ እንዳትደነግጪ» ተብለው። እንዲህ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በነገራችን ላይ ሁለቱ ልጆች ከዚያ በፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር ከተማውን የሚዞሩት። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ለምን ያያቸዋል? እኛ አገር ሴት ከሴት ጋር ተቃቅፋ ትሄዳለች። ወንድ ከወንድ ጋር ጣት ለጣት ተቆላልፎ አስፋልቱን ከላይ እስከ ታች ይመላለስበታል። ይጎራረሳሉ፣ ብርድ ሲሆን አንድ ጋቢ ለሁለት ይለብሳሉ። ጉዱ የሚፈላው ከወንድ ጋር ብትታይ ነበር፤ ጁስ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ገና ማንጎዋን ሳትጨርስ ለወንድሟ ይደወልለት ነበር። እና እንዲህ ያለው ፍቅር ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ፊት እየዋለ ነው የሚያድገው፣ ልጆቹ ራሳቸው እንኳ ምን እንደሆነ ሳያውቁት።

ጓደኝነት ነው ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ጓደኝነት ነው። አንዳንዴ ግን የክፍሉ ሴቶች ሰብሰብ ብለው ስለ አንዱ ወንድ ልጅ ሲንሾካሾኩ አንዷ አብራ እየሳቀች ሐሳቧ ሌላ ቦታ መሆኑ ይታወቃታል። ማንን ትጠይቅ? ወንድ ለወደደች ልጅ ዘፈኑም፣ የጓደኛ ቀልዱም፣ «ኧረ እሱ ልጅ እያየሽ ነው» የሚላትም አለ። ይቺኛዋ በዚህ ጉዳይ በሕይወቷ የሰማችው ስድብ ብቻ ነው። ያ ስድብ ስለሷ እንደሆነም አታውቅም፣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አስነስተው እስኪነግሯት።

ከተማው ምን አደረገ? መጀመሪያ ሁለቱን ለያዩ። ያቺኛዋን ወላጆቿ ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ላኳት። ይቺኛዋን እናቷ ጸበል፣ አክስቷ ሩቅያ፣ ቁርአን ይቀራባት፣ አሉ፤ ሁለቱም ተሞከረ። ወሎ ነዋ! ሁለቱም አልሠራም፣ ምክንያቱም ልጅቷ አልታመመችም። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩን ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ አባቷ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሽማግሌ መክሮ መክሮ ምን ላይ የደረሰ ይመስላችኋል? ትዳር። ከሳዑዲ የተመለሰ፣ ቤት የሠራ፣ 30 ያለፈው ሰው ተገኘላት። ቶሎ ኒካ ይታሰርና ነገሩ ይሸፈን ተባለ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ እፎይታ ነው። ግማሽ ገጽ የሹሩባ ወሬ ያንን ሁሉ ሰው ከቤቱ አስወጣ፤ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ለማታውቀው ጎልማሳ ልትሰጥ ነው ሲባል ግን አንድ ሰው እንኳ ድምፁን ከፍ አላደረገም። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፣ በፌዴራሉም በአማራ ክልሉም የቤተሰብ ሕግ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 648 ላይ ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ያገባን ሰው፣ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች፣ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ያው መጽሐፍ አንቀጽ 629 ላይ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ይቀጣል፣ በቀላል እስራት። 629ን ሕዝቡ በቃሉ ያውቀዋል። 648 ያለበትን ገጽ ግን የገለጠው ያለ አይመስልም። 629ን እኔ አልወደውም፣ ይቅርብን ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ሳልሸፋፍን ልናገር። ግን እሱም ቢሆን የሚቀጣው ድርጊትን ነው። «ሹሩባሽን እኔ ልፍታልሽ» የሚለው የትኛው አንቀጽ ውስጥ ይገባል?

ለወንዱ ልጅ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ዱላ አለ። አባት ይመታል፣ ወንድም ይመታል፣ ሠፈር ያግዛል። ትምህርት ቤትም ቢሆን ከመምታት የማይመለስ አለ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ብሎ እያለ። ወንዶቹ የሚጠፉት በዚያ ነው፤ አንድ ቀን በጠዋት መኪና ይሳፈራሉ፣ ወይ አዲስ አበባ ወይ በጅቡቲ በኩል ወደ አረብ አገር። ቤተሰብ «ሥራ ፍለጋ ሄደ» ይላል።

«ይኼ ነገር ከውጭ የመጣ ነው፣ ፈረንጅ ነው ያመጣብን» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያቺ ልጅ የምታውቀው ፈረንጅ ወደ ላሊበላ ሲያልፍ በመኪና መስኮት ያየችውን ነው። ቲክቶክ ነው የሚልም አለ። ይሁን፣ ግን በጃንሆይ ዘመን የወጣው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ይህንኑ ከልክሎ ነበር። ያኔ ቲክቶክ የታለ? የሌለ ነገር በሕግ አይከለከልም። ከውጭ መጣ ካልን፣ የመጣው የማሳደዱ ወግ ይመስለኛል። በ2015 ነሐሴ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ይህ ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ እንደሆነ ተናግሮ ከሕዝብ ጥቆማ ሲጠይቅ፣ ቲክቶክ ላይ «እገሌ ነው» እያሉ የሰው ፎቶ መለጠፍ ጨዋታ ሆኖ ነበር። የእኛ ከተማ ልጆች ገጹን ፎቶ አንስቶ መላክን የተማሩት ከዚያ ነው፤ ሐይቅ ዳር ዓሣ አልበላም ብሎ ማኩረፍን የሚያስተምር ግን ማንም የለም።

ሃይማኖቱስ? ቄሱ ኃጢአት ነው ይላሉ፣ ሸኹ ሐራም ነው ይላሉ። በዚህ ላይ ሙግት ለመግጠም አልመጣሁም፣ ዕውቀቱም የለኝ። ግን ሁለቱም ጋ ያደግኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር አውቃለሁ። የንስሐ አባት የሰማውን ይዞት ይቀበራል እንጂ ቡና ላይ አያወራውም። መስጊድም የሰውን ነውር የሸፈነ አላህ የእሱን ይሸፍንለታል ሲባል ነው ያደግነው። ያ መምህር ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያነብ የትኛውን ሃይማኖት እያስጠበቀ ነበር? ቤተሰቡ ሊሸፍን የሮጠው ደግሞ የራሱን ስም ነው። ልጅቷማ ተገልጣ ቆማ ነበር።

«ልጅነት ነው፣ ያልፋል» የሚሉ ደጋጎችም አሉ። ከሌሎቹ ይሻላሉ፣ ቢያንስ አይማቱም። ሊያልፍ ይችላል፣ ላያልፍም ይችላል፤ ሁለቱም ሲሆን አይቻለሁ። ያለፈላቸው ዛሬ ልጅ ወልደው ሲያነሱት ይስቃሉ። ያላለፈላቸው ደግሞ አብረውን ይኖራሉ፣ ከእኛ ጋር ለቅሶ ይደርሳሉ፣ እቁብ ይጥላሉ፣ ዝም ይላሉ። በ16 ዓመት ማን የትኛው እንደሚሆን ማንም አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልጅ ራሱን ሳይጎዳ፣ ሳይሰደድ፣ ሳትዳር ትምህርቱን የሚጨርስበት ቤት ነው። ለዚህ ልጅ አንድ ሰው ይበቃል፤ እናት ባትሆን አክስት፣ አክስት ባትሆን አስተማሪ፣ «አብሽሪ፣ ምንም አልሆንሽም» ብሎ ወሬውን ከዚያ የማያሳልፍ።

ስልክ የያዘም ቢያውቀው ደግ ነው፦ የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ጽሑፍም ሆነ ምስል በኮምፒውተርና በስልክ ማሰራጨት በ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ያስቀጣል። ገጹን ያሰራጩትን የጠየቃቸው የለም። የሕፃናት ሥራ ነው ተባለ፤ ሹሩባውን የጻፈችውም ሕፃን መሆኗ ትዝ ያለው አልነበረም።

ኒካው አልታሰረም። ሕግ ደርሶ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውየው ወሬውን ሰማና «ይቅርብኝ» አለ። ወሬ በዚህ ሁሉ መሃል የሠራት አንዲት ደግ ሥራ እሷ ናት። ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል አልገባችም፣ ቤት ናት፣ ወፍጮ ቤት እንኳ የምትላከው ታናሽ እህቷ ናት። መስከረም ላይ ትመለስ አትመለስ የሚወስኑት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው አሉ። ከእነሱ አንዱ ይህን ካነበቡ የምለምናቸው ስለ ደብዳቤው አንድም ጥያቄ ሳያነሱባት ልጅቷን ጠርተው 11ኛ ክፍል ተፈጥሮ ሳይንስ ነው ማኅበራዊ ሳይንስ የምትፈልገው ብለው እንዲጠይቋት ነው። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበረች።