ኧረ ስህተቴ የት እንዳለ ንገረኝ!

እስቲ ፍረዱኝ። ባለፈው ሳምንት ነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ለኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር ብዬ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የደከምኩባት ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ቆማለች። ሞተሯ ይነሳል፣ መሪዋ ይታዘዛል፣ መብራቶቿ ይበራሉ። የፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል) እጀታዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ትሠራ ነበር። በመሐል የነካሁት ነገር ቢኖር የእጀታዋን ጫፍ ትንሽ ማለስለስ ነው። ምን ሆና ነው? ማን ይንገረኝ! ፓኬጁን የሚገነባው መሣሪያ እንደሆነ ግንባታው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል ብሎኝ ጸጥ ብሏል።

የበረራ ሲሙሌተር አድ-ኦን፣ ማለትም ሲሙሌተሩ ላይ የሚጨመር አውሮፕላን፣ መሥራት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። የአውሮፕላኑን ቅርጽ ብሌንደር በሚባል የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ትሠራለህ። ቀለሙን፣ ጭረቱን፣ የብረቱን ወዝ በምስል ፋይሎች ታለብሰዋለህ። ከዚያ ጂኤልቲኤፍ በሚባለው ፎርማት ታወጣዋለህ። እያንዳንዱ ማብሪያ ሲነካ ምን እንደሚሆን ኤክስኤምኤል በሚባል የጽሑፍ ፎርማት ትጽፋለህ። ክብደቱን፣ የክንፉን ስፋት፣ የጎማዎቹን ቦታ በተራ የጽሑፍ ፋይል ትሞላለህ። ዲጂታል ስክሪን ካለው ጃቫስክሪፕት ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ይጨመርበታል። በመጨረሻ ኤስዲኬው (ከሲሙሌተሩ ጋር የሚሰጠው የአድ-ኦን መሥሪያ መሣሪያ) ሁሉንም አስሮ ፓኬጅ ያደርገዋል። ቀራጩም፣ ሠዓሊውም፣ ፕሮግራመሩም፣ መሐንዲሱም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ይህን አውቄ ነው የገባሁበት፤ ሥራው ከባድ ነው ብዬ አላማርርም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ስሳሳት መሣሪያው ስህተቴን አይቶ እንዳላየ ማለፉ ነው።

የሲሙሌተሩን ስም አልጠራም። የሚሠራበት ሰው ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አውቆታል።

ወደ እጀታዋ ልመለስ። ሁለት ሌሊት ፈጀችብኝ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አኒሜሽኑን ሰርዤ እንደገና ሠራሁ። የፍላፑን ቫሪያብል (ቦታውን የሚይዘውን ቁጥር) ስከታተለው ቁጥሩ ከ0 ተነስቶ 1 ይደርሳል፤ ክንፉ ላይ ያለው ፍላፕም ይወርዳል። እጀታዋ ብቻ ደርቃ ቀረች። በሁለተኛው ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ብሌንደር ላይ የዕቃዎቹን ዝርዝር ከፍቼ ስም በስም እየወረድኩ ሳለ አየኋት። ከስሟ ኋላ ነጥብ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ ተለጥፎባታል። ለካ ጫፏን ከማለስለሴ በፊት ለጥንቃቄ ብዬ ኮፒ አድርጌ፣ ስጨርስ ዋናዋን ሰርዤያለሁ። ብሌንደር ሁለት ዕቃ በአንድ ስም እንዲጠራ ስለማይፈቅድ ለኮፒዋ «.001» ይቀጥልላታል፤ ዋናዋ ብትሰረዝም ቅጥያው በራሱ አይወርድም። ኤክስኤምኤሉ የሚፈልገው የድሮ ስሟን ነው። ፈለገ፣ አጣ፣ አለፈ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መሣሪያው ስሙን ፈልጎ አጥቷል። እንዳጣውም ያውቃል፤ ባያውቅማ ትቶት አይቀጥልም ነበር። «ይህን ስም ሞዴሉ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም» የምትል አንዲት መስመር ጥሎልኝ ቢሆን በግማሽ ደቂቃ አስተካክዬ እተኛ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ በሽታዬን አልደበቅኩም፣ የሚደብቅብኝ መሣሪያው ነው። ሲ ኮምፓይለር (በሲ ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ለማሽን የሚተረጉመው ፕሮግራም) አንዲት ሰሚኮለን ብትረሳበት የፋይሉን ስም ከነመስመር ቁጥሩ ይነግርሃል። ይህ ለፕሮግራመሮች ከአሥርት ዓመታት በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ምን በደለና ይነፈገዋል?

ዝምታው የሚብሰው ደግሞ እያንዳንዱ ሙከራ በሚበላው ጊዜ ነው። አንዳንዱ ለውጥ ሲሙሌተሩ እንደተከፈተ ይታደሳል፤ ብዙው ግን ዘግቶ መክፈት ይፈልጋል። በእኔ ኮምፒውተር ዘግቼ፣ ከፍቼ፣ ኮክፒት ውስጥ እስክገባ ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። ከሁለቱ ሌሊቶች በአንዱ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ከፍቻለሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብዬ የመጫኛ መስመር ሲሞላ አይቻለሁ ማለት ነው። ግምት ይዘህ ትገባለህ፣ ግምትህ ሳይሆን ይቀራል፣ ሌላ ግምት ይዘህ ትመለሳለህ። ስህተቱ የት እንዳለ የሚነግረኝ ቢኖር ስድስት ደቂቃው ባልከበደኝ፤ የምከፍለው አንዴ ብቻ ነዋ።

የመለኪያው ጉዳይ ደግሞ አለ፤ እሱን ሳነሳ አንጀቴ ያርራል። ብሌንደር የሚያስበው በሜትር ነው። ጂኤልቲኤፍም በደንቡ ሜትር ነው። የበረራ ባህርይው የሚጻፍበት ፋይል ግን ርዝመትን ፊት (foot) በሚባል አሃድ፣ ክብደትን በፓውንድ፣ የመሽከርከር ኢነርሺያን ደግሞ ስለግ በሚባል አሃድና በፊት ካሬ ይፈልጋል። (አንድ ስለግ 14.59 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እዚህ ሥራ ውስጥ እስክገባ ስሙን እንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር።) ጎማዎቹ መሬት የሚነኩበት ነጥብ የሚሞላው በአንዲት መስመር ነው። ቁጥር፣ ኮማ፣ ቁጥር፣ ኮማ፣ እንዲህ እያለ ከአሥር በላይ ቁጥር ይደረደራል። የመጀመሪያው የነጥቡ ዓይነት ነው። ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ያለው ርቀት ናቸው። ከእነሱ ወዲያ የፍሬኑ፣ የጎማው ራዲየስ፣ የመሪው ማዕዘን፣ የአሞርዛተሩ መታመቅ ይመጣል። አንዱን ቁጥር ከዘለልክ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቤት ይንሸራተትና የመሪው ማዕዘን የጎማ ራዲየስ ሆኖ ይነበባል። መስመሩ ላይ የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ የሚል አንድም ስም የለም።

እኔ አንድ ቀን ከብሌንደር ላይ -1.02 የሚለውን ቁጥር ገልብጬ እዚያ መስመር ላይ አስገባሁት። ጎማዋ መሬት የምትነካው ከመነሻ ነጥቡ 1.02 ሜትር ዝቅ ብላ ነው፤ ወደ ፊት አሃድ ሲለወጥ 3.35 ይሆናል። ፋይሉ 1.02 ፊት ብሎ ተቀበለው፤ 31 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ከፍቼ ስገባ አውሮፕላኔ አስፋልቱ ውስጥ 71 ሴንቲ ሜትር ሰጥማ፣ ፕሮፔለሯ መሬቱን እየፈለጠ ጠበቀችኝ። ይህኛው እንኳ በዓይን የሚታይ ስህተት ነው፣ ተመስገን። የክብደት ማዕከሏን ቁጥር እንዲሁ በሜትር ሞልተኸው ቢሆንስ? ትበራለች። አፍንጫዋ ብቻ ትንሽ ይከብዳል ወይም ይቀላል። አንተ ጥፋቱን ጭራዋ ላይ ስትፈልግ፣ የክንፉን ቁጥሮች አንድ በአንድ ስትነካካ ወራት ያልፋሉ።

መለኪያ ሲምታታ ምን እንደሚያመጣ አቪዬሽን አሳምሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ነዳጁ በኪሎ ግራም መሰላት ሲገባው በፓውንድ ተሰልቶለት፣ ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ተነሳ። አየር ላይ ሳለ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እያንሸራተቱ ጊምሊ የሚባል የቀድሞ አየር ኃይል ጣቢያ ላይ አሳረፉት፤ የተሳፈሩት 69 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። አውሮፕላን የሚወድ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። እነዚህን መሣሪያዎች የሚሠሩ ሰዎችም አውሮፕላን ወዳድ እንደሆኑ አልጠራጠርም። ታዲያ ቁጥሩ አጠገብ አሃዱን የምጽፍበት ቦታ ማኖር፣ ወይም ጎማው ከሚታየው ሞዴል ጎማ ጋር አልገጠመም ብሎ ማስጠንቀቅ ይህን ያህል ከባድ ነው? ሞዴሉም እጁ ላይ ነው፣ ቁጥሩም እጁ ላይ ነው። ሁለቱን አስተያይቶ ጎማዋ መሬት ውስጥ ነች ማለት የሚያቅተው ለምንድን ነው?

ለጥያቄህ መልስ ፍለጋ መመሪያውን ትከፍታለህ። ስለ አንዱ ቁጥር ትጠይቃለህ፤ መመሪያው የዚያኑ ቁጥር ስም በሌላ ሰዋስው መልሶ ይነግርሃል። ከፍተኛው ስንት ነው? ዝቅተኛውስ? ስጨምረው አውሮፕላኗ ምን ትሆናለች? የለም።

ኤክስኤምኤሉ ውስጥ የማብሪያዎቹ ሎጂክ የሚጻፍበት ቋንቋ ደግሞ ሪቨርስ ፖሊሽ የሚባለው ነው። ሁለትና ሦስትን ለመደመር መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክቱን ትጽፋለህ። መሠረቱ የፖላንዱ ሎጂሺያን ያን ውካሼቪች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያመጣው አጻጻፍ ነው፤ እሱ ምልክቱን ከፊት ሲያስቀድም ይህኛው ወደ ኋላ ወሰደው። ለኮምፒውተር የሚመች ነው፣ ሲለምዱትም ያምራል፣ እኔ ወድጄዋለሁ። ግን ከአርባ ቃል በላይ በአንድ መስመር ተደርድሮ አንዷ ምልክት ስትጎድል ያው የለመድነው ዝምታ ነው። ማብሪያው አይሠራም፣ በቃ።

ሌላም አለ፤ አላበዛውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሠራኋቸው የክንፉ ሪቬቶች ጎብጠው መታየት ሲገባቸው ጎድጉደው ታዩ። ኖርማል ማፕ (ጉብታና ጉድጓድን በቀለም የሚያሳይ ምስል) ላይ አረንጓዴውን ቻናል አንዱ ፕሮግራም ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ብሎ ስለሚያነበው ነው። ቻናሉን መገልበጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ መገልበጥ እንዳለበት ማወቅ ነው ቀኑን የጨረሰው።

አይቻልም እንዳይባል የሚችሉ አሉ። ኤክስ-ፕሌን የሚባለው ሌላ ሲሙሌተር ኃይሉን የሚያሰላው ከአውሮፕላኑ ቅርጽ ነው፤ ክንፉንና ፕሮፔለሩን ቆራርጦ በየቁራጩ ላይ የሚያርፈውን የአየር ኃይል ይደምራል። ስለዚህ ፕሌን ሜከር በሚባለው የአውሮፕላን መሥሪያው ውስጥ የምትስለው ነገርና የሚበረው ነገር አይለያዩም፤ ከተነሳ ጀምሮ የሚያደርገውንም ሎግ ፋይል (የሥራ መዝገብ) ላይ ይጽፋል። ፍላይትጊር የሚባለው ሲሙሌተር ደግሞ ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው። ለምን እንደዘለለኝ ካልገባኝ ኮዱን ከፍቼ የዘለለባትን መስመር ራሴ ማየት እችላለሁ። ሞዴል ኮንቨርተር ኤክስን ያየ ሰውም የምለው ይገባዋል። በትርፍ ጊዜ የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ሆኖ ሞዴልህን ከፍቶ ውስጡን ያሳይሃል። በጎ ፈቃደኛ በትርፍ ሰዓቱ የቻለውን ትልቅ ቡድን ያለው ድርጅት አልችልም ሲል መስማት ነው ቅስም የሚሰብረው።

እንዲህ ተሠቃይተህ የጨረስከውን ሥራ ደግሞ የሲሙሌተሩ አፕዴት ይመጣና ያፈርሰዋል። ባለፈው ወር የመጣው የአውሮፕላኔን ዲጂታል ስክሪን አጠቆረው። አልቲሜትሩ (ከፍታ መለኪያው)፣ ፍጥነቱ፣ አድማሱ ሁሉ ጥቁር። ምን እንደተቀየረ የሚናገረው ማስታወሻ ላይ ስለ ስክሪን አንድም ቃል የለም። በማግስቱ ጠዋት መልእክት ሳጥኔን ስከፍት አሥራ ሰባት ሰው ጽፎልኛል። «አውሮፕላንህ ተበላሽቷል፣ አስተካክለው።» እውነታቸውን ነው፤ የሚያውቁት እኔን ነው፣ የወረደው የእኔ ፋይል ነው። ከመሐላቸው አንዱ ታዳጊ ነው፤ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በእሷ እንደሚበር፣ የማረፍ ልምምዱን እንዳልጨረሰ ጽፎልኛል። ለእሱ ምን ብዬ ልመልስ? ያጠፋሁትን ባውቅ ይቅርታ እጠይቀው ነበር። ያጠፋውን ባውቅ እነግረው ነበር። «እየሞከርኩ ነው» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ ሁለቴም ያንኑ መልሻለሁ።

ኮዱን ግማሹን አውጥቼ ሞከርኩ፣ ጥቁር። ሌላውን ግማሽ አውጥቼ ሞከርኩ፣ ጥቁር። ባዶ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ የሚስል ኮድ ጻፍኩ፤ እሷ ታየች። እንግዲህ ጥፋቱ ከዚያች መስመርና ከሙሉው ኮድ መካከል የሆነ ቦታ ነው። ከአራት ሺህ በላይ መስመር አለ፤ እየከፈልኩ፣ እየጨመርኩ፣ ስድስት ስድስት ደቂቃ እየጠበቅኩ ነው የምሄደው። የምለምነው ነገር ትንሽ ነው፦ የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር፣ ምን ፈልገህ አጣህ። እነዚህን ሦስቱን ስጠኝና የቀረውን እኔ እችለዋለሁ።

ይህን ስጽፍ ሲሙሌተሩ እየተጫነ ነው። የአሁኑ ሙከራ የአድማሱን ኮድ ብቻ የያዘው ነው። ከታየ፣ ቀጥሎ አልቲሜትሩን እጨምራለሁ።