ገብሱም በዶላር ሆነ?

እኔን የሚያንገበግበኝ የዶላሩ መውጣት ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ድንገት ከሰማይ የወረደ መዓት አስመስለው የሚያወሩት ነው። በደርግ ዘመን ሁሉ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። (በመንግሥት ትእዛዝ የታሰረ ዋጋ መሆኑ አይካድም፤ የጥቁር ገበያው ሌላ ነበር።) መስከረም 1985 በአንዴ 5 ብር ገባ። በ2002 ማብቂያ ከ16 ብር አለፈ፤ ጥቅምት 2010 ወደ 27 ተጠጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ተለቀቀ ሲባል፣ በአንድ ጀንበር ከ57 ወደ 74 ብር ዘለለ። ብዙም ሳይቆይ 100ን ተሻገረ።

ደብረ ብርሃን ገበያ ገብስ ልሸምት ወጥቼ ዋጋ ብጠይቅ፣ ነጋዴው ጆንያውን እየፈታ «ዶላር ጨምሯል እኮ» ይለኛል። ኧረ የምን ዶላር! ገብሱ የበቀለው አንጎለላ፣ ያረሰው በሬ፣ ተሸክሞ ያመጣው አህያ!

ማዳበሪያውና ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ እንደሚገባ አውቃለሁ። የመንዝ ገበሬ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት በግ ሲነዳ አይቻለሁ። ግን ዶላር በጨመረ ማግስት፣ አምና በተገዛ ማዳበሪያ የበቀለው እህል፣ መጋዘን የከረመው ሳሙና ሳይቀር ዋጋው የሚቆለለው በየትኛው ሒሳብ ነው? ዶላሩ ለጥቂት ቀን ሲረጋ የሚቀንስ የለም። የእናቴ ጡረታ የሚከፈለው በብር ነው! እሷ ዶላር በዓይኗም አይታ አታውቅም፤ ዕዳውን ግን በየወሩ ከጓዳዋ ትከፍላለች። ይህን ጠያቂ አካል የት ነው ያለው?