የፊደል ዘበኞች

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ሰው አናዶኛል። የአንዲት ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ፊት ቆሞ ታፔላዋን በስልኩ ያነሣል። ለምን መሰላችሁ? በእንግሊዝኛ "ስቴሽነሪ" በ"ኢ" (e) መጻፍ ሲገባው በ"ኤ" (a) ተጽፏል። በ"ኢ" ከሆነ የጽሕፈት መሣሪያ ነው፤ በ"ኤ" ከሆነ ከቦታው የማይነቃነቅ። ቴሌግራም ላይ ለጥፎ ሊሥቅባት ነው።

ልጅቷ ውስጥ ሆና ማሽኑ የዋጠውን ወረቀት በጥፍሯ ትጎትታለች። ወረፋው በረንዳውን አልፏል።

ደግሞ እኮ ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አብዛኛው ነጋዴ ዕቃውን ተሸክሞ ይዞር ነበር። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሱቅ ይዞ መጽሐፍ የሚሸጠው ግን "ባለ ቋሚ ቦታ" ተባለ። ስሙ ቆይቶ ለወረቀቱና ለቀለሙ ተረፈ። ታዲያ ልጅቷ ምን አጠፋች?

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" የምትለዋን ተረት ነፍሴ ነው የምወዳት። ይኸው ሰውዬ በየማለዳው የሰፈሩ ግሩፕ ላይ "ፀሐይ ሰረቀች፣ እንዴት አደራችሁ" ይላል። በንጉሡ "ሠ" ቢጽፈው ወጣች ማለት ነው። በእሳቱ "ሰ" ግን ሌብነት ነው። ምን እንደሰረቀች እስካሁን አልነገረንም። እሱን ማንም ፎቶ አላነሣውም።

የቆየ ቂም አለብኝ መሰለኝ። እኛ አገር ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። የባዮሎጂ መምህራችን ፎቶሲንተሲስን አብጠርጥረህ ብታስረዳ እንኳ "ኢፌክት"ን በ"ኤ" ከጀመርክ ማርክ ይቆርጣል። የዳይሬክተሩ በር ላይ ደግሞ "ፕሪንሲፓል" ተብሎ መጻፍ ሲገባው፣ መጨረሻው ተዛብቶ "መርህ" ሆኖ ተለጥፏል። የመርህ ቢሮ! ቅሬታ ይዘን ስንገባ መርህም አልነበረ፣ ዳይሬክተሩም። መምህሩ በዚያ በር በየቀኑ ያልፋል። ትንፍሽ አላለም። ቀይ እስክሪብቶው የሚሠራው የልጅ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መካኒኮች ይሻላሉ። "ብሬክ" የሚሰብረው በየትኛው አጻጻፍ ነው፣ የሚያቆመውስ በየትኛው ብለው አይጨነቁም። ከጣልያን የተረፈውን "ፍሬን" ይላሉ፣ መኪናውም ይቆማል።

ወደ ታፔላው ልመለስ ብዬ ነበር፣ ግን "ዲዘርት" ትዝ አለኝ። በሁለት "ኤስ" ጣፋጭ ነው፣ በአንድ በረሃ። አንድ ካፌ ሜኑው ላይ በአንድ "ኤስ" ጽፎት አየሁ። አዘዝኩ። አስተናጋጁ አሸዋ አላመጣም፣ አይስክሬም ነው ያመጣው። ያ ሰውዬ ቢሆን ሜኑውን ፎቶ ሲያነሣ ይቀልጥበት ነበር።