ሳላው ምን አደረጋችሁ?

እኔ የምለው፣ ሰው ለጉብኝት ሲወጣ የሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ አያስብም እንዴ? ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ በኮስተር ተነስተን አዋሽ ፓርክ ሄድን፣ 200 ኪሎ ሜትር ምናምን ተጉዘን ገና ከመግባታችን ስፒከር ተከፈተ። ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ "እባካችሁ ቀንሱት፣ እንስሶቹ ይሸሻሉ" ቢል ማን ሰምቶት፣ አባቴ የሚሆን ሰው እኮ ነው፣ እኔ አፈርኩላቸው።

ከዛ ሳላዎቹን፣ አጋዘን የሚመስሉትን የዱር እንስሶች፣ አየናቸው። ወይኔ ሲያምሩ! እንደ ጦር ቀጥ ያለ ቀንድ፣ ያ ጥቁርና ነጭ ፊት... አንዱ ከመኪና ወርዶ ሰልፊ ልነሳ ብሎ ሲሮጥባቸው ተበታተኑ በቃ። በዛ ሙቀት! ሳላ ማለት እኮ ውሃ በላብ እንዳይባክንበት የሰውነቱን ሙቀት ከፍ አድርጎ ችሎ የሚውል እንስሳ ነው፣ እሱን ለቲክቶክ ብሎ ማስሮጥ ምን የሚሉት ነገር ነው???

ፏፏቴው ጋር ደግሞ ለዝንጀሮ ሙዝና ብስኩት ይወረውራሉ። ዝንጀሮ ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ነገ ከልጅ እጅ ይነጥቃል፣ ይናከሳል፣ ከዛ አስቸገረ ተብሎ የሚባረረው የሚገደለው እሱ ነው እንጂ ሙዝ የሰጠው ሰውዬ አይደለም። ፌስታሉንም እዛው ጥለውት ሊመጡ ነበር፣ እኔና አንዲት ልጅ ለቅመን በቦርሳችን ፒያሳ ድረስ ይዘነው ገባን።

ለስካውቱ ቲፕ እንኳን ያዋጣ የለም። ስንለያይ "ይቅርታ ጋሼ" ስለው "ምን ታረጊዋለሽ ልጄ" አለኝ፣ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።