ጋሼ ማርቸዲሳቸውን ለታቦት ሊሰጡ ነበር

ባለፈው ወር አንድ ጎረቤቴ ደወሉልኝ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከገባሁ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ደለስ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ማርቸዲሷን ለቤተ ክርስቲያን ልሰጣት ነው። ወረቀቱን ና እይልኝ" አሉኝ።

ማርቸዲሷ የ2009 ኤስ 550 ናት። ጥቁር። በአዲስነቷ 90,000 ዶላር ገደማ የሚጠራላት ዓይነት። ጋሼ ሁለተኛ እጅ ገዝተው ለዓመታት ሠርተውባታል። ወንበሯን የሚወለውሉት እንደ ልጅ ፊት ነው። አሁን ግን የፊት ግራ የአየር ሞላዋ ስለሚተነፍስ ሌሊቱን በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ ታድራለች። ጠዋት ሞተሯ ሲነሳ እፍ እፍ ብላ ቀና ትላለች። ያንን ሞላ ለማስቀየር ብቻ 1,800 ዶላር ተጠይቀዋል። ከሥር ደግሞ ዘይት ታንጠባጥባለች።

ወረቀቱን አየሁት። ቤተ ክርስቲያኑ መኪና የመሸጥ አቅም ስለሌለው ሥራውን ለአንድ መኪና ሰብሳቢ ድርጅት ሰጥቷል። ድርጅቱ መኪናዋን በነፃ ጎትቶ ይወስዳል፣ በዲለሮች (በመኪና ነጋዴዎች) ጨረታ ይሸጣል፣ ኮሚሽኑንና ወጪውን ቆርጦ የተረፈውን ይልካል። ሕጋዊ ነው፤ የተደበቀ ነገር የለውም። እኔ ግን "አይስጧት" አልኳቸው። "ሸጠው ገንዘቡን ይስጡ።"

ተቆጡ። "ለታቦት ያሰብኩትን ሽጥ ትለኛለህ?"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጋሼ ጨረታ ሲባል የሚታያቸው ሌላ ጨረታ ነው። በንግሥ ቀን ለስለት የመጣ በግ ወይም ጃንጥላ ሲጫረት አይታችኋል። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው እልህ ይይዘዋል፣ አጫራቹ ያሟሙቃል፣ እልልታው ይቀልጣል። አንዱ በግ የሦስት በግ ዋጋ ያወጣል። አንዳንዴ ያሸነፈው ሰው መልሶ ይሰጠውና እንደገና ይጫረታል። ሰው የሚገዛው በጉን አይደለማ፤ በረከቱን ነው።

ፈረንጆችም ጋ እንዲህ ያለ ጨረታ አለ። በ2017 ላምቦርጊኒ ኩባንያ ለካቶሊኩ ፖፕ ፍራንሲስ አንድ ነጭ ሁራካን ሰጣቸው። እሳቸው ኮፈኑ ላይ ፈርመው ለጨረታ ላኩት። አጫራቾቹ ከ250,000 እስከ 350,000 ዩሮ ያወጣል ብለው ገምተው ነበር። በ2018 ሞናኮ ላይ በ715,000 ዩሮ ተሸጠ። ገንዘቡም በኢራቅ ነነዌ አካባቢ የተፈናቀሉትን ወደ ቀዬአቸው ለመመለስና ለሌሎች በጎ ሥራዎች ተመደበ። ያ ማለት የንግሥ በግ ነው፤ ጎማ ያለው ብቻ።

የዲለሮች ጨረታ እንዲህ አይደለም። መኪናዋ በአንድ በኩል ገብታ በሌላው ለመውጣት አንድ ደቂቃም ላይፈጅባት ይችላል። የቆሙት ገዢዎች አትርፈው ሊሸጡ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ጋሼ ወንበሯን እንዴት እንደወለወሉ አያውቁም፤ የሚያዩት የተንበረከከውን ጎማ ነው። የቅንጦት መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል። አሮጌ ኮሮላ ቢሆን ሁሉም ይሻማበታል። እንደ ጋሼ ማርቸዲስ ያለች አሮጌ ኤስ ክላስ ግን ታስፈራለች፤ መለዋወጫዋ የሚሸጠው በአዲሱ መኪና ዋጋ፣ እሷ የምትሸጠው በአሮጌ ዋጋ።

ይኼን ከኪሴ አላመጣሁትም። የአሜሪካ ምክር ቤት ኦዲተር የሆነው ጂኤኦ በ2003 አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። 54 የተለገሱ መኪናዎችን ከሰጪው እስከ ድርጅቱ ተከታተለ። ከሦስቱ እጅ በሁለቱ ላይ ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ የደረሰው፣ ሰጪው ታክስ ላይ ካስመዘገበው ዋጋ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነበር። አንዱ ምሳሌ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሰውየው የ1983 ፒክአፕ ሰጠና 2,400 ዶላር ብሎ አስመዘገበ። መኪናው 375 ዶላር ተሸጠ። ወጪ ተቀንሶ ድርጅቱ እጅ የገባው 31 ዶላር ከ50 ሳንቲም።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠበቀ። ከ2005 ጀምሮ መኪናው ከ500 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢህ ላይ የሚቀነስልህ በአብዛኛው መኪናው በትክክል የተሸጠበት ዋጋ ብቻ ነው። ድርጅቱ 1098-ሲ የሚባል ፎርም ይልክልሃል፤ እዚያ ላይ ያለችውን ቁጥር ትጽፋለህ፣ አለቀ። በመኪና ዋጋ መጽሐፍ ላይ ዋጋዋ ይህን ያህል ነው ብሎ መከራከር ቀረ።

ጋሼ ግን ያቺም ቁጥር አትጠቅማቸውም። እሳቸውና ባለቤታቸው እንደ አብዛኛው ሰው የሚሞሉት በስታንዳርድ ዲዳክሽን ነው፤ ማለትም ወጪና ልግስና ሳይዘረዘር ከገቢ ላይ በጅምላ በሚቀነሰው ቁርጥ መጠን። የ2025 ገቢ ላይ ለባልና ሚስት 31,500 ዶላር ነው፤ ያን የሚወስድ ሰው መኪና ሰጠ አልሰጠ ታክሱ አይነቃነቅም። መኪና ለግሱ የሚለው ማስታወቂያ ይህን ጮክ ብሎ አይነግርህም። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ስታንዳርድ የሚወስዱ ባልና ሚስት እስከ 2,000፣ ላጤ እስከ 1,000 ዶላር ልግስና ተጨማሪ ይቀነስላቸዋል። ግን ገንዘብ ለሰጠ ነው። መኪና አይቆጠርም። እንግዲህ ጋሼ መኪናዋን ከሰጡ ዜሮ፣ ሸጠው ቼክ ከጻፉ ግን ይቀነስላቸዋል። 

ሁልጊዜ አትስጡ ማለቴ አይደለም። መኪናው ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ፣ ወይም ባለቤቱ አቅመ ደካማ ከሆነ፣ መጥተው ይጎትቱለት፤ ግልግል ነው። መኪናን አድሰው ለሚሠራ ችግረኛ ቤተሰብ በነፃ ወይም በርካሽ የሚሰጡም አሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ቪሂክልስ ፎር ቼንጅ የሚባለው ይህን ይሠራል፤ ከእስር የወጡ ሰዎችንም መካኒክነት ያሠለጥናል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ካምሪ ወይም ሲቪክ ስጡ። ሁለት ልጅ ለምታሳድግ እናት ኤስ 550 መስጠት ግን ዕዳ መስጠት ነው። በፕሪሚየም ቤንዚን የምትሄድ፣ አንድ ሞላዋ 1,800 ዶላር የሆነች መኪና ምን ያደርግላታል?

ጋሼ ታዲያ "እሺ፣ አገር ቤት ልላካትና የአረጋውያን መርጃ ይውሰዳት" አሉ። ሳቅሁ። በ2020 የወጣው ኤክሳይዝ ታክስ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በ2024 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ራሱ ተከለከለ። "ባትሪ ብትሆን ኖሮ..." ብዬ ሳልጨርስ በእጃቸው አባረሩኝ።

አንድ ነገር ግን አደራ አልኳቸው፤ ሰጡም ሸጡም ሰሌዳውን ይፍቱ፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ የተረካቢው ስም ይጻፍ። እኔ ከዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ቮልቮ ስሰጥ የተረካቢውን ቦታ ባዶ ትቼ ፈርሜ፣ ሰሌዳውንም ሳልፈታ ሸኘሁት። ከሦስት ወር በኋላ ሄጄ በማላውቀው መንገድ ላይ የፓርኪንግ ቅጣት ይጎርፍልኝ ጀመር። የወሰደው ድርጅት ስልክ የሚያነሳ ሰው አልነበረውም።

ቅዳሜ ፎቶ አንስተን ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ለጠፍናት። ሞላው መበላሸቱን፣ ዘይቱን፣ ሁሉንም ጻፍን። አሥራ ምናምን ሰው "አለች ወይ?" ብሎ ጠፋ። አንዱ 900 ዶላር አለ፤ ጋሼ መልስም አልሰጡት። እሑድ ከሰዓት ግን ከስፕሪንግፊልድ አንድ ሐበሻ ልጅ መጣ። መካኒክ ነው። ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ሞላውን ራሴ እቀይራታለሁ አባባ። 3,500 ልስጥዎት" አለ። ጋሼ 4,000 አሉ። 3,800 ላይ ተስማሙ። ጋሼ እዚያው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ባለቤታቸው እያዩ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የ3,800 ዶላር ቼክ ጻፉ። ሳንቲም አላስቀሩም።

ከዚያ ወጥተው ሰሌዳውን በእጃቸው ፈቱ። ልጁ ጊዜያዊውን ለጥፎ ሞተሩን ሲያስነሳ እንደ ልማዷ እፍ እፍ ብላ ቀና አለች። ጋሼ መስኮቱን አንኳኩ።

"በግራ ስትታጠፍ ቀስ በላት" አሉት። "ጠዋት ጠዋት ደግሞ እስክትነሳ ታገሣት።"