የፀሐይን መግነጢሳዊ ጠባይ ከአራት ኪሎ ማጥናት እንችላለን

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከፀሐይ ተወርውሮ የመጣ ግዙፍ የፕላዝማ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላ ትኩስ ጋዝ፣ ደመና የምድርን መግነጢሳዊ መስክ መታ። ከእ.ኤ.አ. 2003 ወዲህ ያን ያህል ብርቱ የፀሐይ ማዕበል አልታየም ነበር። በአሜሪካ በጂፒኤስ የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮች በዘር ወቅት መስመራቸውን ስተው የቆሙ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በዋልታዎች አካባቢ ብቻ የሚታየው የሰማይ ብርሃንም ከወትሮው እጅግ ርቀው በሚገኙ አገሮች ታየ። አዲስ አበባ ላይ ለዓይን የሚታይ ነገር ስላልነበረ ወሬው የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አለፈ። እኔ ግን ጉዳዩ የእኛም ነው፣ የምናጠናበት መሣሪያም ከሞላ ጎደል በእጃችን ነው እላለሁ።

የማዕበሉ ምንጭ በፀሐይ ገጽ ላይ ከምድር አሥራ አምስት እጥፍ ያህል ስፋት የነበረው የነጠብጣቦች ስብስብ ነበር። የፀሐይ ነጠብጣቦች መግነጢሳዊ መሆናቸውን አሜሪካዊው ጆርጅ ኤለሪ ሄል እ.ኤ.አ. በ1908 ካረጋገጠ ወዲህ የጥናቱ መሠረት አልተለወጠም፦ ብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ባለበት ቦታ አተሞች የሚያወጡት ብርሃን መስመር ይሰነጠቃል፤ የስንጥቁ መጠንም የመስኩን ብርታት ይናገራል። ፀሐይ በወገቧ በኩል ከዋልታዎቿ ይልቅ ፈጥና ስለምትሽከረከር በውስጧ ያለው መስክ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ በእንዝርት ላይ ከልክ በላይ የከረረ ክር እንደሚበጠስ ሁሉ መስኩም የታመቀውን ጉልበት በድንገት ይለቅቃል። ፍንዳታውና ወደ ጠፈር የሚወረወረው የፕላዝማ ደመና ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

ይህን ከምድር ሆኖ መከታተል የሚቻለው በከፊል ብቻ ነው። ደመናና ሌሊት ያቋርጡታል፤ ከባቢ አየራችን ምስሉን ያደበዝዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሚሊዮን ዲግሪ የሚግለው የፀሐይ ውጫዊ ክፍል፣ ማለትም ኮሮና፣ የሚያበራበትን ጽንፈኛ አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ ያስቀረዋል። የሰው ልጅ ቴሌስኮፖቹን ወደ ሕዋ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የመጠቀችው ሶሆ የተባለች መንኩራኩር ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ፣ የፀሐይን ክብ በጥቁር ሰሌዳ እየጋረደች ከጀርባው የሚወጡትን የፕላዝማ ደመናዎች ለዓመታት አሳየችን። ፓርከር የተባለችው መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከፀሐይ ገጽ በ6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች። ሶላር ኦርቢተር የተባለችውም እ.ኤ.አ. በ2025 የፀሐይን ደቡብ ዋልታ ከምድር በማይታይ ማዕዘን አነሣች። ህንድም አዲትያ ኤል 1 የተባለችውን የራሷን መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በ2023 ልካለች።

ለእኛ ዋናዋ ግን የናሳ የፀሐይ ዳይናሚክስ ኦብዘርቫቶሪ ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ከመጠቀች ወዲህ በየቀኑ 1.5 ቴራባይት ያህል መረጃ ትልካለች፤ መረጃውም ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው የሚችል ነው። የመግነጢሳዊ መስኩን ምስል አንድ ጊዜ በኮምፒውተር ላይ የተመለከተ ሰው አይረሳውም። የፀሐይ ክብ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ መስኩ ወደ እኛ የሚወጣበት ቦታ ነጭ፣ ወደ ውስጥ የሚገባበት ደግሞ ጥቁር ነው። ጸጥ ባለ አካባቢ ነጩና ጥቁሩ እንደ አቧራ ተበትነው ይታያሉ። አደገኛ በሆነ ስብስብ ውስጥ ግን ነጩ ጥቁሩን እየገፋ በመካከላቸው ቀጭንና የተጣመመ ድንበር ይፈጠራል፤ ብርቱ ፍንዳታ የሚጠበቀውም በዚያ ድንበር ላይ ነው። በአልትራቫዮሌት በተነሣው ምስል ላይ ከዚያው ድንበር በላይ ቀለበት የሠሩ የፕላዝማ ቅስቶች ቆመው ይታያሉ፤ ፍንዳታው ሲመጣ ቅስቶቹ ቅርጻቸውን የሚለውጡት በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

አሁን ወደ አራት ኪሎ እንምጣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት ሥራ ከጀመረ ወዲህ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲመዘግብ ቆይቷል። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ጣቢያው የተተከለበት ቦታ በዓለም ላይ ከጥቂቶች አንዱ ነው። ከራሳችን በላይ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ኤሌክትሮጄት የሚባል የኤሌክትሪክ ጅረት በቀን ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። በአንድ ጸጥተኛ ቀን የተመዘገበውን መስመር ብናይ ከንጋት ጀምሮ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ጫፉ ላይ ይደርስና አመሻሹ ላይ ወደነበረበት ይመለሳል። ናኖቴስላ በሚባለው የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ለውጡ በ36 ሺህ ገደማ መስክ ውስጥ መቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ሆኖም የፀሐይ ጨረር በየቀኑ የሚያደርግብንን ነገር በግልጽ ይናገራል። የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ ይህ ሥርዓት ይናጋል፤ በዋልታ በኩል የሚገባው የኤሌክትሪክ ግፊት ምድር ወገብ ላይ የሚሰማውም ወዲያውኑ ነው።

ስለዚህ በአንድ በኩል የፀሐይን መስክ በየ12 ደቂቃው፣ የእያንዳንዱን የነጠብጣብ አካባቢ ለብቻው ቆርጦ የሚያቀርብ ነጻ መረጃ አለ። በሌላ በኩል የዚያን መስክ ውጤት የሚመዘግብ፣ አብዛኞቹ አገሮች ሊኖራቸው የማይችል ጣቢያ በከተማችን መካከል አለ። በእኔ አስተያየት ያጠረን ሁለቱን የሚያገናኝ ቡድን ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አዮኖስፌርን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላውን የከባቢ አየር የላይኛውን ክፍል፣ በማጥናት የሚመሰገን ሥራ ሠርተዋል፤ ክብደቱ ግን ወደ ውጤቱ ያጋደለ ነው፤ ምንጩ የሆነችውን ፀሐይን ራሷን ሙያዬ ብሎ የያዛት ወጣት አሁንም ጥቂት ነው።

ለዳቦ ሳንበቃ ስለ ፀሐይ ምን አስጨነቀን የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስትመጥቅም ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ሊናቅ አይገባም፤ ሳተላይት ማምጠቅ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃልና። እዚህ የቀረበው ሐሳብ ግን የሌሎችን ቴሌስኮፖች መረጃ በራሳችን አእምሮ መጠቀም ስለሆነ ወጪው ከጥቂት ኮምፒውተሮች፣ ከአስተማማኝ ኢንተርኔትና ከደመወዝ ብዙም አይዘልቅም። ጥቅሙም ሩቅ አይደለም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምድር ወገብ አካባቢ በአዮኖስፌር የሚፈጠሩት ቀዳዳዎች የጂፒኤስን ምልክት ያንቀጠቅጣሉ፤ ይህም ከቦሌ ለሚነሣ አውሮፕላንም ሆነ መሬት ለሚለካ ቀያሽ ተጨባጭ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 የፀሐይ ማዕበል በካናዳ የኩቤክን የኤሌክትሪክ መረብ በ90 ሰከንድ ውስጥ ጥሎ ስድስት ሚሊዮን ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ያህል በጨለማ እንዳስቀረ ይታወቃል። እኛ ከዋልታ ርቀን መገኘታችን አደጋውን እንደሚቀንስልን እውነት ነው፤ ይሁንና ኤሌክትሮጄት ድንገተኛ የማዕበል ምቶችን እንደሚያጎላ በጥናት ታይቷል፤ እኛም ዛሬ ከህዳሴው ግድብ እስከ ሆለታ በ500 ኪሎ ቮልት የሚዘረጋ መስመር አለን።

ደቡብ አፍሪካ በሄርማነስ የሕዋን የአየር ሁኔታ ቀንና ሌሊት የሚከታተል ማዕከል አላት። ማዕከሉ ለአህጉሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ሄርማነስ ግን ከመግነጢሳዊው ወገብ እጅግ የራቀች ስለሆነች የእኛን ሰማይ በእኛ ፈንታ ልታነብልን አትችልም።

ሳይንሱም ቢሆን አላለቀም። አንድ የፕላዝማ ደመና ከፀሐይ መነሣቱን ቴሌስኮፖቹ ወዲያው ያሳዩናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የዝግጅት ጊዜ አለን። ምድርን ክፉኛ ይመታ እንደሆነ የሚወስነው ግን በደመናው ውስጥ ያለው መስክ ወደ ደቡብ መዞሩ ነው፤ ወደ ደቡብ ከዞረ ከምድር መስክ ጋር ተያይዞ በሩን ይከፍታል። ይህ አቅጣጫ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚታወቀው ደመናው በ1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉትን መንኩራኩሮች ሲያልፍ፣ ማለትም ወደ እኛ ሊደርስ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ነው። ከፀሐይ ገጽ ምስል ተነሥቶ አቅጣጫውን አስቀድሞ መተንበይ እስካሁን በዓለም ላይ ያልተፈታ ጥያቄ ሲሆን፣ መረጃው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የአራት ኪሎ ተማሪ ከሌላው ዓለም ተማሪ ጋር እኩል ሊሞክረው ይችላል።

ለጅምሩ የማቀርበው ሐሳብ አነስተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲው በአራት ኪሎ ካሉት የፊዚክስና የጂኦፊዚክስ ተማሪዎች ጥቂቱን፣ በእግር ከሚደረስበት ከአምስት ኪሎ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናና የኮምፒውተር ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ያሰባስብ። የመጀመሪያ ሥራቸውም ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ጣቢያ የተመዘገቡትን ብርቱ ማዕበሎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተከትለው፣ እያንዳንዳቸውን የወለደውን የነጠብጣብ ስብስብ በቴሌስኮፑ ምስል ላይ ማግኘትና መስኩ ከፍንዳታው በፊት በነበሩት ሰዓታት እንዴት እንደተለወጠ መመዝገብ ይሁን።